ጠያቂ ያጣ ገመድ

ኩሱም ማቱር እንቅልፍ ሲወስዳቸው መተንፈስ ይረሳሉ። ነቅተው ሳሉ ሙሉ ሰው ናቸው፤ ይቀልዳሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ከአልጋቸው ሳይነሱ የራኒ ካትራን ሰፈር ወሬ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። ሕመሙ ግን ከእግራቸው ጀምሮ ጡንቻቸውን እያዛለ ወጥቶ፣ ክንዳቸውን አልፎ ደረታቸው ላይ ደርሷል። እንቅልፍ ሲጥላቸው ደረታቸው ሥራውን ያቆማል። ያኔ መድኃኒታቸው ትከሻቸውን ይዞ የሚነቀንቃቸው ሰው ብቻ ነው። ከነቁ ትንፋሻቸው ይመለሳል፤ ካልነቁ አለቀ። የመተንፈሻ ጭንብልም ተሞክሮ ነበር። ታፈንኩ እያሉ ሲያለቅሱ ባለቤታቸው አንጀታቸው አልችል ብሎ አወለቁላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጭንብሉ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

ሌሊት ሌሊት ባለቤታቸው ጊሪሽ ማቱር አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። እሳቸውም ሰው ናቸውና ቀን መተኛት አለባቸው፤ ያኔ የሚጠብቀው ማሽን ነው። ማሽኑን የሠሩት ጊሪሽ ራሳቸውና የድሮ ተማሪያቸው ሰቢሃ ሪዝቪ ናቸው።

ጊሪሽ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሸሚዛቸው ግን ዛሬም እንደ ድሮው በደንብ የተተኮሰ ነው። ሰቢሃን የተቀበሏት በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሆና፣ ሌሎቹ መምህራን «ይቺ ደግሞ ጥልፏን ብትጠልፍ ምን አለበት» እያሉ በሚያሽሟጥጡበት ጊዜ ነው። የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው «ቢቲያ፣ እርስዎ ይመልሱ» ይሏት ነበር። ቢቲያ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ልጄ ብለውም አንቱ ነው የሚሏት። ያንን ውለታ ሰቢሃ አርባ ዓመት ከሞላት በኋላም አልረሳችው። ዛሬም እሳቸውን ማስተር ሳሂብ፣ የተከበሩ መምህር፣ ኩሱምን ደግሞ ቻቺ፣ አክስቴ፣ ትላቸዋለች። ዛሬ ናክሃስ ገበያ ውስጥ ከባሏ ከሻፊቅ ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ አላት። እሱ ስልክ ይጠግናል፣ እሷ ከጥልፍ ማሽን እስከ አሳንሰር ድረስ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ያለበትን ነገር ሁሉ ትሠራለች።

የኩሱም ማሽን ሁለት ቦርዶች አሉት። አንደኛው የጊሪሽ ነው፤ የአልጋው ራስጌ ላይ ተሰቅሎ በኩሱም ደረት ዙሪያ ከታሰረው መቀነት ትንፋሻቸውን ይለካል። ሁለተኛው የሰቢሃ ነው፤ ግድግዳው ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ ትልቅ ደወል ይደውላል፣ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ የጊሪሽን አልጋ ያርገፈግፋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የዩኤስቢ ገመድ ነው።

በዚህ ገመድ ዳርና ዳር ያሉት እኩዮች አይደሉም። አንዱ ጠያቂ ነው፣ ሌላው መላሽ፤ የሙያው ሰዎች ሆስትና ፔሪፈራል ይሏቸዋል። ጠያቂው «ምን አለ?» ይላል፣ መላሹ ያለውን ይናገራል። መላሽ ካልተጠየቀ ትንፍሽ አይልም፤ የያዘው ወሬ የሞት ወሬ ቢሆን እንኳ። ሁለቱም ጠያቂ ከሆኑ የሚመልስ የለም፣ ሁለቱም መላሽ ከሆኑ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ በእነዚህ ትንንሽ ቦርዶች ላይ ያለው ቀዳዳ ሁለቱንም መሆን መቻሉ ነው። የትኛውን እንደሚሆን የሚወስነው ቦርዱ ሲነሳ የሚያነበው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። መስመሩ ቢለወጥም ቦርዱ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። ማሽኑ ሲሠራ ሰቢሃ የራሷን ሣጥን ጠያቂ፣ የጊሪሽን ቦርድ መላሽ አድርጋ ነበር የተነሳችው።

መጀመሪያ ላይ ሣጥኑ መልስ ሲያጣም ይጮህ ነበር። ግን የላክናው ከተማ መብራት የታወቀ ነው፤ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ደወሉ ሰፈሩን ይቀሰቅስ ጀመር። ከጎረቤት አንድም ሰው አላማረረም። እንዲያውም ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ማንጎ ይዘው መጥተው «የደወልዎ ድምፅ እንዴት ያምራል!» አሏቸው። ጊሪሽ ስድብ ቢሰሙ ይሻላቸው ነበር። በማግስቱ ሰቢሃን ለምነው መልስ ሲያጣ መጮኹን አስወጡት፤ መጠባበቂያ ባትሪም አስጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ የሚጮኸው ትንፋሽ ቆመ ሲባል ብቻ ነው፤ ምንም ካልተባለ ሰላም ነው ብሎ ያምናል።

እንግዲህ ከተማው እንዲህ ነው። ላክናው ውስጥ አንቱ የማይባል የለም። ባል ሚስቱን አንቱ ይላል፤ እናት ልጇን አንቱ እያለች ትቆነጥጣለች። ሁለት ሰዎች በር ላይ ከተገናኙ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ» ሲባባሉ ሦስተኛው መሃላቸውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከሌላ ከተማ፣ ከካንፑር የመጣው ሻፊቅ ይህን እያየ በሳቅ ይሞታል። «ቤገም ሳሂባ፣» ይላታል ሚስቱን በማሾፍ፣ እመቤቴ ለማለት፣ «እናንተ ሰዎች ቤት ቢቃጠልባችሁ እርስዎ ይውጡ ስትባባሉ ነው ከሰል የምትሆኑት!»

አንድ ቀን ማሽኑ ዝም አለ። ኩሱም ምሳ በልተው ተኝተው ነበር፤ ጊሪሽም በሚቀጥለው ክፍል ጋደም ብለዋል። ከእንቅልፋቸው የነቁት ደወል ሰምተው አይደለም፤ ሽንታቸው መጥቶ ነው። መነጽራቸውን ፍለጋ ወደ ሚስታቸው ክፍል ጎራ ሲሉ የኩሱም ከንፈር ጠቁሮ አገኙት። እንዴት እንደነቀነቋቸው፣ ምን ብለው እንደጮኹ አያስታውሱም። ኩሱም ዓይናቸውን ገልጠው በረጅሙ ተነፈሱና «ምነው፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» አሉ። ሐኪሙ ማታ መጥቶ አይቷቸው ሲወጣ ጊሪሽን ደጅ ላይ ጠርቶ፣ የኩሱም ልብ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን እንደማይችል ነገራቸው።

በማግስቱ ሰቢሃ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ጊሪሽ ጣፋጭ መጠጥ፣ ሻርባት፣ ሊበጠብጡላት ወደ ማድ ቤት ሲገቡ የሳቸውን ቦርድ ከፈተች። ብዙ አልፈለገችም። በዚያች መስመር ላይ መላሽ መባል የነበረበት ጠያቂ ተብሏል። ወዲያው ገባት። ጊሪሽ የሳምንቱን የትንፋሽ ቁጥር ለሐኪሙ ሊሰጡ በፍላሽ ገልብጠዋል። ፍላሽ ደግሞ ጠያቂ ይፈልጋል። ቦርዱን ጠያቂ አድርገው፣ አጥፍተው አብርተው፣ ገልብጠው፣ ፍላሹን ነቅለው ገመዱን መልሰው ሰክተዋል። መስመሩን መመለሱን ግን ረስተውታል። ሁለት ጠያቂዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ሲጠያየቁ ሴትዮዋ ትንፋሽ አጥተው ተኝተዋል።

ጊሪሽ ሻርባቱን በትሪ ይዘው ብቅ አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው እንዳልተከደነ ያስታውቃል።

«ምን አገኙ ቢቲያ?»

ሰቢሃ ቀና ብላ አየቻቸው። እኚህን ሰው «ሚስትዎን ሊገድሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት» በምን አፏ ትበላቸው? ያኔ ሰው ሁሉ ሲስቅባት የፊት ወንበር የሰጧትን ሰው?

«ገመዱ ላልቶ ነው፣ ማስተር ሳሂብ፣» አለች። «አሁን አጥብቄዋለሁ።»

«ገመዱ፣» አሉ ጊሪሽ። ዓይናቸውን ወደ ትሪው ሰበሩ። «ገመድ እኮ እንዲህ ነው።»

የሳቸውን መስመር አልነካችውም። ብትነካው ያውቃሉ፤ ያፍራሉ። ይልቅ የራሷን ሣጥን ከጠያቂነት ወደ መላሽነት አወረደችው። ፕሮግራሙን ድሮ አብረው ሲጽፉት በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ አድርገውት ስለነበር ችግር አልነበረውም። አጥፍታ አበራች። መቀነቱን ፈታ ብትጠብቅ ደወሉ ቤቱን አናጋው፣ የወዲያኛው ክፍል አልጋ ተርገፈገፈ። ኩሱም ከትራሳቸው ሳቁ፤ «ሬሳ የሚቀሰቅስ ደወል ነው!» አሉ። ሰቢሃ ወደ ሱቋ ስትመለስ ጥሩ ነገር የሠራ ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት ተሰማት። መምህሯን ከሐፍረት አድናቸዋለች። ይሉኝታ ግን የሚያስከፍለውን ያስከፍላል።

ሳምንት አለፈ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ላክናው ላይ ሰማዩ እንደ ምጣድ የሚግልበት ሰኔ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሻፊቅ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ በካርቶን ራሱን ያራግባል፤ ሰቢሃ ውስጥ በእጅ ባትሪ የአንድ ውኃ መሳቢያ ቦርድ ትፈትሻለች። ያኔ ጊሪሽ ከባጃጅ ወረዱ። ነጭ ኩርታ፣ የክት ረጅም ሸሚዝ፣ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ በእጃቸው የማሊሃባድ ማንጎ ያለበት ከረጢት ይዘዋል። ከቤት ከወጡ ስንት ጊዜያቸው! ሰቢሃ ደነገጠች።

«ሰላም ነው ማስተር ሳሂብ? ቻቺ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው። እንዲያው ላይዎት ብዬ ነው።»

«ይቀመጡ እንጂ! ሻፊቅ፣ ወንበሩን!»

«የለም የለም፣ እሳቸው ይቀመጡ፣» አሉ ጊሪሽ ሻፊቅን እያዩ።

«እኔ ተቀምጬ ነበር እኮ፤ አሁን ተነሳሁ፣» አለ ሻፊቅ። «ዛሬ ሦስታችንም ቆመን መዋላችን ነው።»

ጊሪሽ ሳቁ፣ ግን ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። ተቀመጡ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። የዘንድሮ ማንጎ ጣዕም እንዳጣ አወሩ። የሻፊቅን እናት ጤና ጠየቁ፣ ከዚያ የእህቱን፣ ከዚያ የእህቱን ልጆች። ሰቢሃ መምህሯ የሆነ ነገር ተሸክመው እንደመጡ፣ የት እንደሚያወርዱት እንደቸገራቸው ገብቷታል። እንደ ደንቡም አልጠየቀቻቸውም።

በመጨረሻ ጊሪሽ ኩርታቸውን ጎተት አደረጉ።

«ቢቲያ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ገመዱ አልላላም ነበር።»

ሰቢሃ የእጅ ባትሪውን አጠፋች።

«የዚያን ቀን ማታ ቦርዴን ከፈትኩት። መስመሩን አየሁ። ያ ፍላሽ… እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ኩሱምን… እርስዎ ደግሞ አይተው ዝም አሉ፣ እኔን ላለማሳፈር። ልነግርዎት አፈርኩ፤ ከሐፍረቴ የተነሳ መስመሩ እንዲያ ሆኖ ደወሉ እንዴት እንደሠራ እንኳ አላሰብኩም። ስለዚህ ዝም ብዬ መለስኩት።»

«ምኑን መለሱት?»

«መስመሩን ነዋ። እንደ ድሮው መላሽ አደረግኩት። ኩሱም ተኝተው ስለነበር ላጠፋው አልፈለግኩም፤ መብራት ሄዶ ባትሪውም ሲያልቅ ራሱ ይነሳል ብዬ ተውኩት።»

የሰቢሃ እጅ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ። ጊሪሽ አላስተዋሉም፤ ዓይናቸው ከመሬት አልተነሳም።

«ዛሬ ጠዋት በሰፈራችን መብራት ሄዶ የመጠባበቂያው ባትሪም አለቀ፣» ቀጠሉ ጊሪሽ፣ የልባቸውን እንዳወረዱ ቀለል እያላቸው። «ሁሉም ጠፋ። ኋላ መብራት መጣ፤ ሁለቱም አረንጓዴ መብራታቸው ሲበራ በዓይኔ አየሁ። ኩሱምን ጋደም ይበሉ፣ እኔ ሄጄ ልጄን ይቅርታ ልጠይቅ አልኳቸው። እሳቸውም ይሂዱ ይሂዱ አሉኝ፤ እንዲያውም ይህን ኩርታ ይልበሱ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ማን አለ አጠገባቸው?» አለች ሰቢሃ። ድምፁ የሷ አልመስል አላት።

«ማሽኑ አለ እንጂ።»

«ማስተር ሳሂብ፣ እኔም የኔን መላሽ አድርጌዋለሁ።»

ጊሪሽ መምህር ነበሩ፤ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ፊታቸው ላይ ያለው ደም ሲወርድ ሰቢሃ አየችው። አሁን በዚያ ቤት ሁለት አረንጓዴ መብራቶች በርተዋል፣ ሁለት ጨዋ ቦርዶች እስኪጠየቁ ይጠብቃሉ፣ ጠያቂ የለም። ሣጥኑም ምንም ስላልተባለ ሰላም ነው ብሎ ተቀምጧል።

ሁለቱም ወደ በሩ ተወረወሩ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ተገናኙና፣ ጊሪሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ሸሸት አለች። እንዲህ ባለ ሰዓት! ልማድ ነው፤ ከድንጋጤም ቀድሞ የሚነሳ ልማድ። ሰቢሃ እግሯ ደፉ ላይ እንደቆመ ራሷን አየችና ደሟ ፈላ። መምህሯን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

«ሻፊቅ! ሞተሩን!»

ሻፊቅ ቀልዱን ረስቶ ሞተሩን አስነስቷል። ከኋላው ዘላ ተፈናጠጠች። ጊሪሽ ባጃጅ እየጠሩ ከኋላ ቀሩ። በናክሃስ ጠባብ መንገድ፣ በወፍ ሻጮቹ የሽቦ ጎጆና በቅመም ከረጢት መሃል ሻፊቅ ሰው እየሰደበ ያሽከረክራል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ እንደዚያ የሚሳደብ ሰው በመኖሩ ሰቢሃ የዛን ቀን ፈጣሪን አመሰገነች። ስልኳን አውጥታ የጊሪሽን ቤት ደወለች። ኩሱም ስልኩን ማንሳት አይችሉም፤ ክንዳቸው ከአልጋው ከተነሳ ዓመት አልፎታል። ይህን ታውቃለች። ግን ስልኩ ራስጌያቸው ላይ ነው፣ ድምፁም የሚያደነቁር ነው፤ ጊሪሽ እንዲሰሙት ተብሎ የተገዛ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች። ደግሞ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች።

«ይንቁ፣» ትላለች ለራሷ፣ «ቻቺ፣ ይንቁልኝ፣ ይንቁልኝ።» በልቧ ግን የጠቆረ ከንፈር ነው የምታየው። ያንን ከንፈር ያጠቆረው ማነው? ፍላሹን የረሱት ሰውዬ ናቸው? ወይስ አይታ «ገመዱ ላልቶ ነው» ያለችው እሷ? አንዲት ቃል ነበረች። «መስመሩ ተሳስቷል» ብትል ኖሮ ሽማግሌው ለአንድ ማታ ያፍሩ ነበር፤ ሻርባታቸውን ጠጥተው፣ አልቅሰው፣ ይተኙ ነበር። ሰው በሐፍረት አይሞትም።

የራኒ ካትራው ቤት በር ከውጭ በመቀርቀሪያ ብቻ ተዘግቷል። ሰቢሃ ስትገፋው ጣቷ ተላጠ። ግቢውን አቋርጣ ስትሮጥ ስልኩ ከውስጥ ይጮሃል፤ የደወለችው ራሷ መሆኗን ዘንግታ ሰው ያነሳው ይሆን ብላ ተስፋ አደረገች። ክፍሉ ውስጥ መጋረጃው ወርዷል። ሁለቱ አረንጓዴ መብራቶች በሰላም በርተዋል። ኩሱም በጀርባቸው ተጋድመዋል፤ አይንቀሳቀሱም።

ዓይናቸው ግን ተገልጧል። ወደ ጣሪያው እያዩ ነው። ከዓይናቸው ጠርዝ እስከ ጆሯቸው እንባ ወርዶ ደርቋል።

«ቻቺ!»

ዓይናቸው ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሰቢሃ ነዎት?» አሉ በሹክሹክታ። «ስልኩን ቢያነሱልኝ። ደዋዩ ማን እንደሆነ እንጃ፣ እግዜር ይስጠው፤ ዓይኔ ሊከደን ሲል ነው የጀመረው።»

ሰቢሃ አልጋው ሥር በጉልበቷ ወደቀች። ስልኩን ዘጋች። የኩሱምን እጅ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም «አልተኙም? ለምን አልተኙም?» ትላለች።

«እንዴት ልተኛ? ሣጥኑ ዝም ብሏል እኮ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሲሠራ ጥ፣ ጥ ይላል። ውስጡ የሆነች ነገር አለች፤ እንደ ጥርስ ጥ ትላለች። ካለፈው ሳምንት ወዲህ እሷን ነው የማዳምጠው፤ እሷን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ መብራት ሲመጣ ጠበቅኳት፣ ጠበቅኳት፣ አልመጣችም።»

«ታዲያ ለማስተር ሳሂብ ለምን አልነገሯቸውም? አጠገብዎ ነበሩ እኮ!»

ኩሱምን ለመናገርም ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

«ኩርታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ነበር፣» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸውን እንደደፉ ነው፤ ዛሬ እርስዎን ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። ብነግራቸው ይቀራሉ። ቶሎ ይመለሳሉ፣ እስከዚያ ነቅቼ እቆያለሁ ብዬ ነው። እንዲህ እንደሚዘገዩ ግን አላሰብኩም።»

እንግዲህ ለሌላው ሐፍረት ብላ እውነቱን የደበቀች ሦስተኛዋ ይቺ ናት፤ ሞት ራስጌዋ ቆሞ ባሏን ኩርታ የምታስለብስ። ሻፊቅ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጊሪሽ እያለከለኩ ገቡ። አንድ ጫማቸው የለም። ሚስታቸውን አዩ፣ የተገለጠ ዓይናቸውን አዩ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ከዚያ እየተንገዳገዱ ወደ ራስጌው ቦርድ ሄዱ፤ «እኔ… እኔ የኔን ጠያቂ ላድርገው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእርስዎን አይንኩ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ሰቢሃም በዚያው ቅጽበት ላፕቶፗን ወደ ሣጥኑ እየወሰደች «የለም፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ልመልሰው» ስትል ራሷን ሰማች። ጀርባዋ ላይ ብርድ ሄደባት። ሁለቱም እያለቀሱ፣ ሁለቱም በእሽቅድምድም ጥፋት እየወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ሁለት ጠያቂ ሊሠሩ ነው።

«አንተ!» አለች። «ተው! እጅህን አንሳ!»

ጊሪሽን አንተ ያላቸው ሰው ካለ አባታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ከሞቱ ዘመናቸው። እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«የእርስዎ…» አለች ሰቢሃ፤ ልማዷ መለሳት፣ እሷም መልሳ ጣለችው። «ያንተ ቦርድ መላሽ ነው። መላሽ ሆኖ ይቀራል። ጠያቂው የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ አንተም ብትሆን፣ ሌላው እያየ ካልሆነ መስመሩን አይነካም። ስትሳሳት እነግርሃለሁ። ስሳሳት ትነግረኛለህ። ካፈርክም እፈር!»

ጊሪሽ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ሰቢሃ ቃሏ የምትወደውን ፊት ሲመታው አየች፤ ግን ወደ አንቱታው አልተመለሰችም።

«እሺ፣» አሉ ጊሪሽ። የፊት ወንበር ላይ እንዳለ ተማሪ ነበር ድምፃቸው። «ጎረቤት እንዳይረበሽ ያስወጣነውንስ?»

«መልስ ሲያጣም ይጮኻል። መልሼ አገባዋለሁ። ጎረቤት ከተንጫጫ ይንጫጫ።»

ጊሪሽ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ስትጽፍ እያንዳንዱን መስመር ድምፅ እያወጡ አነበቡላት። ሲጨርሱ ሁለቱንም ቦርድ አጠፉ፣ አበሩ። ሣጥኑ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጥ አለ። ደግሞ ጥ። ገመዱን ከቦርዱ ስትነቅለው ደወሉ ቤቱን አናጋው፤ ከመንገድ ማዶ አንድ መስኮት ተከፈተ። መልሳ ሰካችው። «ቻቺ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አለቻቸው። ኩሱም ያዙ። ደወሉ ደገመ። የወዲያኛው ክፍል አልጋ እንደ እብድ ተርገፈገፈ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ጥ፣ ጥ ከምትለው በስተቀር። ኩሱም ያዳምጣሉ። የዓይናቸው ሽፋን እየከበደ ይወርድና በግድ ይነሳል።

«ካላስቸገርኳችሁ፣» አሉ፣ «አሁን ትንሽ ልተኛ?»

ጊሪሽ ወደ ሰቢሃ ዞሩ። ሰቢሃ ወደ ጊሪሽ ዞረች፤ ባለቤታቸው ናቸው፣ ፈቃዱ የሳቸው ነው፣ እሳቸው ይቅደሙ ብላ። ሁለቱም ዝም ብለው ሲተያዩ የኩሱም ዓይን ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው እየሄደ፣ እንደ ሕፃን መልስ ይጠብቃል፤ መልስ እስኪመጣ ድረስም በግድ ተገልጦ ይቆያል።

«ይተኙ!» ብላ ጮኸች ሰቢሃ። «ቻቺ፣ ይተኙ!»

ዓይናቸው ተከደነ። ጊሪሽ አንድ እግራቸው ባዶውን እንደሆነ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ሰቢሃም አጠገባቸው ተቀመጠች። መቀነቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ፣ ሣጥኑ ጥ ባለ ቁጥር እየሰሙ፣ እስኪመሽ ድረስ ማናቸውም አልተነሱም።